አረጋውያንን በቤት ውስጥ መንከባከብ፤ አስታማሚዋን ማን ይከታተላል?

ልጆች ሥራ ውለው በሚገቡበት ወይም ውጭ አገር በሚኖሩበት ቤት፣ አቅም ላነሳቸው አባት ወይም እናት አስታማሚ መቅጠር በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል፡፡ አስታማሚዋ በዘመድ አለዚያም በደላላ በኩል ትገኛለች፡፡ ነርሶችንና ተንከባካቢዎችን ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶችም አሉ፡፡ ቤተሰቡ በቅጥሩ ወቅት የሚያደርገው ጥንቃቄ የሚናቅ አይደለም፤ መታወቂያ ይታያል፣ ተያዥ ይጠራል፣ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ይነገራል፡፡ ከዚያ በኋላ ግን ክትትሉ ብዙውን ጊዜ “እንዴት ናቸው?”፣ “ደህና ናቸው” ከሚል የስልክ ልውውጥ አያልፍም፡፡ ተያዥ የሚጠቅመው ዕቃ ለጠፋ ዕለት ነው፡፡ በጀርባ ላይ ስለሚወጣ ቁስል ወይም በስህተት ሁለት ጊዜ ስለተዋጠ ኪኒን ተያዡ የሚያውቀው ነገር የለም፡፡

ሥራው በሕግ በተደራጀባቸው አገሮች ክትትሉ ራሱን የቻለ ባለቤት አለው፡፡ በአሜሪካ፣ በዋነኛነት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የቆመው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚከፍላቸው የቤት ለቤት ጤና ድርጅቶች ጥብቅ ደንብ አለባቸው፡፡ ለረዳት ተንከባካቢዎች የሚሰጠው ሥልጠና ከ75 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ በየዓመቱም የ12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይወስዳሉ፡፡ የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ጭምር የሚያገኝ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ነርስ ወይም ሌላ የሙያ ኃላፊ ቢያንስ በየ14 ቀኑ የረዳቷን ሥራ ይገመግማል፤ ይህም በመደበኛው ቤት ድረስ በመሄድ የሚደረግ ነው፡፡ ረዳቷ የምትሠራው ነርሷ በጽሑፍ ባስቀመጠችው ዕቅድ ነው፡፡ የሚገርመው፣ በዚህ የ14 ቀን ጉብኝት ረዳቷ የግድ እቤት መገኘት የለባትም፡፡ የሚመረመረው የሥራዋ ውጤት፣ ማለትም የሕመምተኛው ሁኔታ ነውና፡፡ እየሠራች የምትታይበት ጉብኝት ለብቻው አለ፡፡

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፡፡ በየሁለት ሳምንቱ ተቆጣጣሪ የምትጎበኛት ተንከባካቢ፣ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ የቀጠረቻትን አስታማሚ ግን ማንም ሳይጎበኛት ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፡፡ የአሜሪካኑን ሥርዓት እንዳለ ማምጣት አይቻልም፤ ዋናውን ሐሳብ መውሰድ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ አስታማሚዋም ሆነች ከፋዩ ልጅ ያልሆነ ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ በአቅራቢያ ካለ ክሊኒክ የምትመጣ ነርስ፣ በየሁለት ሳምንቱ ወይም ቢያንስ በየወሩ አረጋዊውን እንድታይ ማድረግ ነው፡፡ ከልጆቹም አንዱ ብቻ ኃላፊ ይሁን፡፡ አምስት ልጆች በየተራ እየደወሉ አምስት የተለያየ ትዕዛዝ የሚሰጡበት ቤት ክትትል የሌለበት ቤት ነው፡፡

ከአልጋ የማይነሱ ሰው ካሉ የመጀመሪያው ምርመራ ቆዳ ነው፡፡ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው ሰውነት ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ሲጫን ደም ወደዚያ ሥጋ መድረስ ስለሚያቅተው ነው፡፡ መቀመጫ፣ ዳሌ፣ ተረከዝና ቁርጭምጭሚት በይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፡፡ መጽሐፎቹ የመጀመሪያው ምልክት ሲጫኑት የማይነጣ መቅላት ነው ይላሉ፡፡ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በቀላሉ አይታይም፡፡ ስለዚህ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ መልኩም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ሳይፈነዳ ተደርሶበታል ማለት ነው፡፡ በተለምዶ የሚመከረው ሕመምተኛውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ሲሆን፣ ሌሊቱንም ይጨምራል፡፡ እዚህ ላይ ቤተሰቡ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፡፡ ቀኑን ሙሉ ምግብ የምታበስል፣ ልብስ የምታጥብና ቤት የምታጸዳ አንዲት ሴት ሌሊቱን በየ2 ሰዓቱ ልትነሳ አትችልም፡፡ ቁስሉ ሲወጣ “ቸልተኛ ናት” ተብላ ትባረራለች፤ አዲሷም በዚያው የሥራ ጫና ትገባለች፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ መድኃኒት ነው፡፡ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ በሆኑ አረጋውያን ቤት ጾም ሲገባ ጥንቃቄው በእጥፍ መጨመር አለበት፡፡ እናት እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ አስታማሚዋ ግን በታዘዘችው መሠረት ጠዋት ኢንሱሊኑን ትወጋቸዋለች፣ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ኪኒን ትሰጣቸዋለች፡፡ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መዘባረቅ ይመጣል፤ ሳይታወቅ ከቆየም ራስን ያስታል፡፡ የግሊቤንክላማይድ ውጤት በአረጋውያን ላይ ረዘም ስለሚል አደጋው የባሰ ነው፡፡ ስለ ጾሙ ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም ማነጋገር የቤተሰቡ ኃላፊነት እንጂ የአስታማሚዋ አይደለም፡፡ በረመዳንም ነገሩ ያው ነው፡፡

ትናንት ደህና ሲያወሩ የነበሩ አባት ዛሬ በድንገት ከዘባረቁ “እርጅና ነው” ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው፡፡ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት፣ በመዘባረቅ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፡፡ አስታማሚዋ እንዲህ ያለውን ለውጥ ባየች ሰዓት ያለ ፈቃድ የምትደውልበት ስልክና ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ እጇ ላይ ሊኖር ይገባል፡፡

ይህን ሁሉ የሚያያይዘው ርካሽ መሣሪያ አንድ ደብተር ነው፡፡ የበሉትና የጠጡት፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት፣ ሽንትና ሰገራ፣ መውደቅ ካለም መውደቁ ይጻፍበታል፡፡ አስታማሚዋ መጻፍ ካልለመደች ምልክት የምታደርግበት ሠንጠረዥ ይበቃል፡፡ ደብተሩን ማየት የሚገባው ስህተት ለማደን አይደለም፡፡ ስህተት የጻፈች ሠራተኛ ከተቀጣች ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ሁልጊዜ “ደህና” ብቻ ይላል፡፡ ካሜራ የሚያስገጥሙም አሉ፤ ሳሎን ላይ ከሆነና ሁሉም ካወቀው ክፋት የለውም፡፡ መኝታና መታጠቢያ ቤት ግን የአረጋዊው ገመና ነው፡፡

የሠራተኛዋ መብት በአብዛኛው የሚወሰነው በቤተሰቡ በጎ ፈቃድ ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ ከእነርሱ ያለፈው ለውል የተተወ ነው፡፡ ስለሆነም ውሉ በጽሑፍ ቢሆን፣ የሥራው ዝርዝር፣ የሌሊት ዕረፍቱና በሳምንት የምትወጣበት ቀን ቢገለጽ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፡፡ በዕረፍቷ ቀን የሚተካት ሰውም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከመጀመሪያው ተረኛነቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን አብሯት ውሎ አረጋዊውን እንዴት እንደምታነሳና እንደምታጎርስ ይይ፣ ደብተሩንም ከእጇ ይረከብ፡፡