የመኪና ሞተር ማስነሻ፦ ከማኖቬላ ወደ ሞተሪኖ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነዳጅ መኪና የሚነሳው ሞተሩን በማኖቬላ በክንድ ኃይል በማሽከርከር ነበር። ነዳጁ ያለጊዜው ሲቀጣጠል ማኖቬላው በኃይል ወደኋላ ስለሚመለስ የብዙ አሽከርካሪዎችን ክንድ ሰብሯል።

በተለምዶ ሞተሪኖ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ለአገልግሎት ያበቁት አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ሲሆኑ፣ ሥራውን ያከናወኑት የካዲላክ ኩባንያ ኃላፊ ሄንሪ ሌላንድ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በቂ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ለመኪና እጅግ ግዙፍ ይሆናል የሚል አስተያየት ነበር። ኬተሪንግ ግን ማስነሳት የጥቂት ሰከንዶች ሥራ መሆኑን በማጤን፣ አነስተኛ ሞተር ለአጭር ጊዜ ከመደበኛ አቅሙ በላይ እንዲሠራ አደረጉ። ይኸው መሣሪያ መኪናው ከተነሳ በኋላ እንደ ዲናሞ ባትሪውን ይሞላ ነበር።

ማስነሻው በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ዋጋው ዝቅተኛ የነበረው የፎርድ ሞዴል ቲ ገዢዎች ግን ይህን ዕድል ከፋብሪካው ለማግኘት እስከ 1919 መጠበቅ ነበረባቸው።