የበርሚንግሐም አራቱ ሙዚቀኞችና የከባዱ ድምፅ ታሪክ



ከባድ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቢሮ ተመልሰን ዕረፍት ስንፈልግ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ ሲረብሸን ብቻ ይሆናል። ታሪኩ ግን ሊሰማ የሚገባው ነው። የዛሬው ንግግራችን ብላክ ሳባዝ፣ ማለት ጥቁር ሰንበት፣ ስለ ተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ሲሆን፣ ይልቁንም ጓዱ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ መጀመሪያው ከባድ ድምፁ ለመመለስ ስላደረገው ጥረት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በርሚንግሐም የብረታ ብረት ሥራ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ቶኒ አዮሚ የተባለ ወጣት በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን ፋብሪካውን ትቶ በሙዚቃ ሊተዳደር ቈርጦ ሳለ፣ በመጨረሻይቱ የሥራ ቀን መኪናው የቀኝ እጁን የመካከለኛ ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቈረጠው። አዮሚ ግራኝ ነውና የጊታሩን አውታር የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር። ተስፋ ቈርጦ በተቀመጠበት ጊዜ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ጃንጎ እጁ በእሳት ተቃጥሎ በሁለት ጣት እየተጫወተ ስመ ጥር ለመሆን የበቃ ጊታረኛ ነው። ወጣቱም ይህን ሰምቶ ተነሣ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ሽፋን ሠራ፤ በላዩም ቍራጭ ቆዳ ለጠፈበት። ጣቶቹ እንዳይታመሙም ቀጫጭን አውታሮችን መረጠ፤ ኋላም ከተለመደው ልክ ዝቅ አድርጎ አላላቸው። አውታር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲወርድም ይከብዳል። ስለዚህ በኋላ ዓለም ሁሉ ባወቀው በዚያ ከባድ ድምፅ ውስጥ ያች የፋብሪካ አደጋ ድርሻ አላት።

በ1968 ዓ.ም. አዮሚ ከዘፋኙ ከኦዚ ኦዝቦርን፣ ቤዝ ጊታር ከሚመታው ከጊዘር በትለርና ከከበሮ መቺው ከቢል ዋርድ ጋር ተባበረ። አራቱም የሠራተኞች ሰፈር የሆነችው የአስተን ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያውን አልበማቸውን በኦክቶበር 1969 ዓ.ም. በአንድ ቀን ውስጥ፣ በመድረክ ላይ እንደሚጫወቱት አድርገው ቀረጹት። አልበሙ የሚከፈተው በዝናብ፣ በነጐድጓድና በደወል ድምፅ ነው፤ ይህን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። በ1970 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው አልበም በእንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡም፣ መጠጡም፣ አደንዛዥ ዕፁም በዛ። በ1976ና በ1978 ዓ.ም. በወጡት አልበሞች ድምፁ ለሰለሰ፤ ሳክስፎን ሳይቀር ገባበት። በ1979 ዓ.ም. ኦዝቦርን ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ በመጡት ዘፋኞች ዘመን መልካም ሥራ አልጠፋም፤ የ1980 ዓ.ም. አልበም በእኛ አስተያየት ከመልካሞቹ አንዱ ነው። ጓዱ ግን ሌላ ጓድ ሆኖ ነበር።

ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አራቱ ተመልሰው አዲስ አልበም እንደሚሠሩ አስታወቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አዮሚ የነቀርሳ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ወዲያውም ቢል ዋርድ ሊፈርም የሚችለው ውል እንዳልቀረበለት ገልጾ ቀረ። በስፍራውም ብራድ ዊልክ የተባለ አሜሪካዊ ከበሮ እንዲመታ ተደረገ። የሥራው መሪ ሪክ ሩቢን ሦስቱን አስቀምጦ ያን በአንድ ቀን የተቀረጸውን የመጀመሪያ አልበም አሰማቸውና፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ረስተው እንደዚያን ጊዜ እንዲያስቡ መከራቸው። አዮሚም በሕክምና መካከል እየተመላለሰ ተጫወተ።

«13» የተባለው ይህ አልበም በጁን 2013 ዓ.ም. ወጣ። በእንግሊዝ አገር ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአሜሪካ ደግሞ በጓዱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ሆነ። የሚዘጋውም በዝናብ፣ በነጐድጓድና በደወል ነው። የጊታሩ ክብደት እውነተኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወደ ቀድሞው መመለስ አሮጌ መዝገብ ከመደርደሪያ እንደ ማውረድ የቀለለ አይደለም። ቢል ዋርድ ጃዝ እየሰማ ያደገ ከበሮ መቺ ነበርና፣ ያ ከባድ ድምፅ በእርሱ እጅ ይወዛወዝ ነበር። ዊልክ ጐበዝ ቢሆንም ጨዋታው ቀጥ ያለ ነው፤ ደጋግሞ የሚያዳምጥ ሰው የቀረውን ሰው ያውቀዋል።

በፌብሩዋሪ 2017 ዓ.ም. ጓዱ የስንብት ጕዞውን በበርሚንግሐም ሲፈጽም ዋርድ በዚያም አልነበረም። ጁላይ 5 ቀን 2025 ዓ.ም. ግን በአስተን በሚገኘው በቪላ ፓርክ የኳስ ሜዳ አራቱ አብረው ቀረቡ። ኦዝቦርን በሕመም ምክንያት መቆም ስላልቻለ በዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከኋላው ከበሮውን የመታው ቢል ዋርድ ነበር። የተጫወቱት አራት ዘፈን ብቻ ነው። ከ17 ቀን በኋላ ኦዚ ኦዝቦርን በ76 ዓመቱ ዐረፈ።