እሳት ያላየው ቅጠል

መርሳ፣ አያቴ ግቢ ያደግን ልጆች ምች ሲመታን ወዴት እንደምንወሰድ እናውቀው ነበር፤ ወደ ጓሮ። እዚያ ከጤና አዳሙና ከአሪቲው ጎን ዳማ ከሴ አለ። አያቴ ቅጠሉን ቀንጥሳ በመዳፏ ታሸውና ታሸትተናለች፤ በጭማቂው ግንባራችንን ትቀባናለች። አንድ ቀን እናቴ "አፍልቼ ላጠጣው" ብላ ወደ ምድጃው ብትሄድ አያቴ ተቆጣች። "አንቺ ልጅ፣ እሳት እንዳታሳዪው! ነፍሱ ይወጣል" አለቻት። እኛ ሳቅን። ቅጠል ደግሞ ምን ነፍስ አለው?

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዳማ ከሴ፣ በሶብላ ወይም ጠጅ ሳር ሲታሽ የሚያውደን ቅጠሉ የቋጠረው ዘይት ነው። እንደ ኑግ ዘይት ከባድ አይደለም፤ ተናኝ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ ካፈሉት ከእንፋሎቱ ጋር ብን ብሎ ይሄዳል። ባለሙያዎች ዘይቱን የሚያወጡት በዚሁ ጠባዩ ነው። እንፋሎቱን በቧንቧ ወስደው ያቀዘቅዙታል፤ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የወልዲያ አረቄ አውጪዎች ቢያዩት "ይህማ የኛው ሙያ ነው" ማለታቸው አይቀርም። ቀጥሎ ዘይቱ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባል መሣሪያ ይመረመራል። 30 ሜትር ያህል በሚረዝም፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በውስጡ ያለው ሁሉ በየተራው እየተለየ ይወጣል። በስም አንድ የሆነው በሶብላ እንኳ አንዱ ሊናሎል፣ ሌላው ሜቲል ቻቪኮል በዝቶበት ይገኛል።

ከዘር የበቀለ ተክል ከእናቱ ሊለይ ይችላል፤ ከቅርንጫፉ ቆርጠው የተከሉት ግን እናቱን ራሷን ነው። አያቴ ክረምት ሲገባ ለጎረቤት የምትሰጠው ዘር ሳይሆን ቅርንጫፍ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

አሁን ወደ ቻይና ልውሰዳችሁ። ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለትኩሳት ስለሚሆን አንድ ቅጠል ሲጽፍ በውሃ ተነክሮ ተጨምቆ እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘም። ቅጠሉ የአሪቲያችን የቅርብ ዘመድ ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ሙከራዋ አልሰምር ቢላት ያንን ጽሑፍ ደግማ አነበበችው። "ሙቀቱ ይሆን የሚያበላሸው?" ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ሞከረች፤ ተሳካላት። እ.ኤ.አ. በ1972 አርቴሚሲኒን ተለየ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ያ መድኃኒት ዘይት አይደለም፤ እሳትን ግን እንደ አያቴ ቅጠል ይፈራል።

የኛስ? ደብተሮቻችን የመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈዋል። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ምሁር ከእነዚህ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በፈረንሳይኛ አሳትሟል። የጓሮ ሴቶች ዕውቀት ግን ብራና ላይ አልወጣም። "መድኃኒት ሲነገር ኃይሉ ይጠፋል" እየተባለ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

አያቴ ሁሉን ታውቅ ነበር አልልም። ጤና አዳም ሲበዛ ለነፍሰ ጡር ያሰጋል፤ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ደግሞም "ብንናገር ይወስዱብናል" የሚሉ አዋቂዎች ስጋት ከንቱ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ይህን አዋጅ የሰማ የሀብሩ ገበሬ ስንት ይሆን?

መለኪያውም ቢሆን ዋስትና የለውም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ከነቤተ ሙከራው ተዘረፈ። መሣሪያ በገንዘብ ይተካል። የሞተች አሮጊት የያዘችው ልክ ግን በምን ይተካል?

አያቴ ካረፈች ቆየች። የዳማ ከሴዋ ቅርንጫፍ ዛሬም ጎረቤት ጓሮ አለ፤ ቢያሹት ያው ሽታ ነው። ለትኩሳት ስንት ቅጠል፣ ለሕፃን ስንት፣ ለአዋቂ ስንት እንደምትቀነጥስ ግን የሚነግረኝ የለም። እናንተ አያታችሁ በሕይወት ካሉ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ቅርንጫፉንስ ጎረቤት ያተርፈዋል።