አመሳሳይ መዋቢያ

አመሳሳይ መዋቢያ ቀለሙ የተለወጠ የፊት ቆዳ በዙሪያው ካለው ቆዳ ጋር አንድ እንዲመስል የሚቀባ፣ የቀለም መጠኑ ከተራ ፋውንዴሽን የበለጠ ክሬም ወይም ቅባት ነው። በውጭው ዓለም «ኮስሜቲክ ካሞፍላዥ» ይባላል። ካሞፍላዥ የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና መሣሪያ ከአካባቢው ጋር ተመሳስለው ከጠላት ዓይን የሚሰወሩበት ዘዴ መጠሪያ ሆኖ ተስፋፋ። «መሸፈኛ» ከማለት ይልቅ «አመሳሳይ» የሚለው ስያሜ ለአማርኛ ይስማማል፤ የመዋቢያው ዓላማ ፊትን በሙሉ መለበድ ሳይሆን የተለየውን ቦታ ብቻ ከቀሪው ጋር ማዋሐድ ነውና።

በዘርፉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ አሜሪካዊቷ ሊዲያ ኦሊሪ ናት። ፊቷ ላይ ከልደቷ ጀምሮ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ነበረባት። እሱን ለመሸፈን ያዘጋጀችውን ክሬም «ከቨርማርክ» ብላ ለገበያ አቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ1932ም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘችበት። በብሪታንያ ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች አማካይነት የአመሳሳይ መዋቢያ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2011 «ቼንጂንግ ፌስስ» ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስረከበ።

መዋቢያው የሚያገለግለው በተለይ ለምጽ፣ ማድያት፣ ብጉር ጥሎት የሚሄድ ጥቁረት፣ የልደት ምልክት ወይም የዳነ የቃጠሎ ጠባሳ ላለባቸው ሰዎች ነው። ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ቆዳ ላይ አይቀባም።

ቀለሙን የሚሰጡት በዋናነት የብረት ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናቸው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ ስለሆነ፣ ሲበዛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳን አመድ ያስመስለዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆዳ የብረት ኦክሳይድ ያመዘነበት ቅይጥ ይሻላል። የብረት ኦክሳይድ ማድያትን ከሚያባብሰው የሚታይ ብርሃንም በከፊል ይከላከላል።

አቀባቡ ቅደም ተከተል አለው። ፊት ታጥቦ ይደርቃል፤ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ተቀብቶ እስኪሰርግ ይጠበቃል። ቀለሙ የሚመረጠው በቀን ብርሃን ነው። የግንባርና የጉንጭ መልክ ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም መደባለቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅላት ካለ አስቀድሞ ስስ አረንጓዴ፣ በጠይም ቆዳ ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያዘለ ጥቁረት ካለ ብርቱካናማ ይቀባል፤ ከተቃራኒ ቀለሞች አንዱ ሌላውን ያደበዝዛልና። ክሬሙ በጣት ወይም በስፖንጅ ቀስ እየተመታ በስሱ ይደረባል፤ ጠርዙ ከጤናማው ቆዳ ጋር እንዲዋሐድ ወደ ውጭ ይሳሳል። በላዩ ፓውደር ተነስንሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ትርፉ በብሩሽ ይራገፋል። በዚህ መንገድ የተቀባ ክሬም ላብና ውኃን ተቋቁሞ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ማታ ሳይፈተግ ዘይትነት ባለው ማጽጃ መነሣት አለበት።

አመሳሳይ መዋቢያ አያድንም፤ ቆዳንም አያነጣም። ስለዚህ ሜርኩሪ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ስቴሮይድ ካለባቸው ማንጫ ክሬሞች ጋር መምታታት የለበትም፤ እነዚያ ቆዳን ከማሳሳት እስከ ኩላሊት መጉዳት ይደርሳሉ።

አዲስ ምልክት ከመሸፈኑ በፊት የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ አሁንም ስላለ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ነጣ ያለና የመዳሰስ ስሜቱ የቀነሰ ቦታ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ደግሞ ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ለምጽ ከሥጋ ደዌ ፈጽሞ የተለየ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው። ስለዚህ ለምጽ ያለበት ሰው ፊቱን የመሸፈን ግዴታ የለበትም። መቀባትም ሆነ መተው የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ሌሎች ሊያከብሩለት ይገባል።