የገጠር ንባብ ክፍልና የማኅበር መዝገብ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ቃለ ጉባኤና መዝገብ ነበራቸው፤ አብዛኛው አባል ግን የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቱም የሚታወስ ነው። ፊደል የቆጠረው ሰው መልሶ እንዳይረሳ በገጠር የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ፖለቲካ የተዘጋጁ ትናንሽ መጻሕፍት ይቀመጡባቸው ነበር (ፖለቲካው ሳይበዛ አልቀረም)። በኋላ የ1977ቱ ድርቅና ጦርነቱ ሥራውን አዳከሙት።

ለራያ ቆቦ አርሶ አደር የንባብ ክፍል ቅንጦት አይደለም። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎቢዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዝርያዎች እንዴት እንደሚዘሩ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ የልማት ሠራተኛው ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የማኅበሩን የኦዲት ሪፖርት ራሱ አንብቦ የሚጠይቅ አባልም በቀላሉ አይታለልም።

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው የሮችዴል ሸማቾች ማኅበር የራሱ ቤተ መጻሕፍት ነበረው፤ ከትርፉም 2.5 በመቶ ለትምህርት ይመድብ ነበር። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ትምህርትና ሥልጠናን ከኅብረት ሥራ መርሆዎች ይቆጥራሉ። ከትርፍ ላይ ለመጻሕፍት መመደብ የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ነው።