የጐልደን ጌት መረብና የመወጣጫው ሒሳብ

ስለ አንድ ታላቅ ድልድይ ሲነሣ፣ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚለን በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የሚሸከመው ጭነት ነው። በሥራው ላይ ስንት ሰው እንደ ሞተ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከ1930ዎቹ ዓመታት አስቀድሞ በአሜሪካ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረ። ይኸውም ለብረት ድልድይ ሥራ በሚወጣው በእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ዶላር የአንድ ሰው ሕይወት ይጠፋል የሚል የልማድ ግምት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሠራተኛው ሞት እንደ ሲሚንቶና እንደ ብረት ከሥራው ወጪ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነገር ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

በሳን ፍራንሲስኮ የጐልደን ጌት ድልድይ ሥራ ጃንዋሪ 5 ቀን 1933 ሲጀመር የተመደበለት ገንዘብ 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በልማዱ ሒሳብ 35 ሰዎች መሞት ነበረባቸው። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ይህን አልተቀበለም። የድልድዩን ሒሳብ በአብዛኛው የሠራው ቻርለስ ኤሊስ ከሥራው ተሰናብቶ ስሙ ለረዥም ዘመን ሳይጠቀስ መቅረቱን ስናስታውስ፣ ስትራውስን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። በዚህ ረገድ የሠራውን ግን ልንነፍገው አንችልም።

ስትራውስ ሠራተኛው ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ፤ እምቢ ያለ ይባረር ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሚሠራው የድልድይ ወለል ሥር የተዘረጋው የገመድ መረብ ነው። መረቡ በግራና በቀኝ ከድልድዩ ጠርዝ 3 ሜትር ያህል አልፎ ይወጣ ነበር። ዋጋው ከ130,000 ዶላር ጥቂት ቢበልጥም ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከወለሉ እስከ ባሕሩ 67 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ከፍታ ለሚወድቅ ሰው ውኃው ከድንጋይ አይለይም። በመረቡ 19 ሰዎች ተረፉ። እነርሱም ራሳቸውን «እስከ ሲኦል ግማሽ መንገድ የደረሱ ሰዎች ክበብ» ብለው ሰየሙ።

ሥራው ከተጀመረ እስከ ኦክቶበር 1936 ድረስ በአደጋ የሞተ አልነበረም። በዚያ ወር አንድ ሰው ሞተ። ታላቁ አደጋ የደረሰው ግን ድልድዩ ሊመረቅ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1937 ነው። የአርማታው ወለል ከጠነከረ በኋላ ከሥሩ ያለውን የጣውላ ቅርጽ የሚያነሡ ሠራተኞች፣ ከድልድዩ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ በሚንቀሳቀስ ከባድ መድረክ ላይ ቆመው ነበር። የመድረኩ ማንጠልጠያ ተሰበረና መድረኩ ከነሰዎቹ በመረቡ ላይ ወደቀ። መረቡም ተቀደደ። ከወደቁት 12 ሰዎች 10ሩ ሞቱ።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ «መረቡ ከዳቸው» የሚል ስሜት ያሳድራሉ። በበኩላችን በዚህ አንስማማም። መረቡ የሚወድቅ ሰውን ለመያዝ የተሠራ እንጂ ብዙ ቶን የሚመዝን መድረክን ለመሸከም የታሰበ አልነበረም። የከዳው ማንጠልጠያው ነው። ለዘለዓለም የሚቆመው ድልድይ እያንዳንዱ ብረቱ ተሰልቶ ሳለ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግለው መድረክ የዚያን ያህል አልተጠበቀም። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሕይወቱን የሚያሳርፈው ግን ባላለቀው ድልድይ ላይ ሳይሆን በዚያ መድረክ ላይ ነው። በአገራችንም ከባሕር ዛፍ አጣና የሚታሰረውን የሕንፃ መወጣጫ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። የሕንፃው ዓምድ በወረቀት ላይ ተሰልቶ ይመጣል፤ የአጣናው ውፍረት፣ የቋሚዎቹ መራራቅና የአስተሳሰሩ ነገር ግን ለአሳሪው ልምድ የሚተው ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው በ1937 ዓመት፣ አደጋው ከደረሰ አራት ወር ካለፈ በኋላ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ጄኔቭ ላይ በሕንፃ ሥራ ስለ ደኅንነት 62ኛውን ስምምነት አጸደቀ። ሁለቱን ነገሮች በምክንያትና በውጤት ማያያዝ አይገባም፤ ስምምነቱ ስለ መወጣጫ የሚለው ግን ከላይ ካነሣነው ጋር ይገጥማል። መወጣጫ ብቃትና ኃላፊነት ያለው ሰው ሳይቆጣጠር እንዳይሠራ፣ እንዳይፈርስ፣ በብዙም እንዳይለወጥ ያዝዛል። በ1988 የወጣው 167ኛው ስምምነት ይህንኑ የቀድሞውን ስምምነት ሲያሻሽል፣ መወጣጫ በብቁ ሰው እንዲመረመር የሚለውን ግዴታ ይዞ ቀጥሏል።