ሚሲሲፒ ጆን ኸርት፦ ዘፈን እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ ከብሉዝ ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ የነበሩትን ጆን ኸርትን ይመለከታል። ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ጠፍተው እንደተገኙ ሰው ሆኖ ነው። ይህ አባባል ለታሪክ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ የጠፉት ከማን ነው? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኸርት ያደጉት በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ አቫሎን በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ጊታርን ያለ አስተማሪ ተማሩ። አውራ ጣታቸው በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ምቱን ሳያዛንፍ ሲጠብቅ፣ የቀሩት ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ፤ አድማጭ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱ ይመስለዋል። አዘፋፈናቸውም ለስላሳና የተረጋጋ ነበር።

ለኦኬ የሸክላ ኩባንያ የጠቆማቸው አብሯቸው ይጫወት የነበረው ነጭ ቫዮሊነኛ ዊሊ ናርሞር ነው። የዘር መለያየት በሕግ በጸናበት አገር ሙዚቃው ድንበሩን ይሻገር እንደነበር ይህ ያሳያል። ኸርት በ1928 በሜምፊስ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በኒው ዮርክ ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ። ሸክላዎቹ እምብዛም አልተሸጡም። በ1929 የፈነዳው የኢኮኖሚ ቀውስ የሸክላውን ገበያ ሲያደቅቀው እሳቸው በመንደራቸው በእርሻ ሥራ ቀጠሉ።

በ1952 ሃሪ ስሚዝ ባሰናዳው የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸው ተካተቱ። አዲሱ ትውልድ ድምፃቸውን ወደደ፤ የድምፁ ባለቤት የት እንዳሉ ግን አድናቂዎቹ አያውቁም ነበር። ፍንጩ የተገኘው በኒው ዮርክ ከተቀረጹት ዘፈኖች በአንዱ፣ በ«አቫሎን ብሉዝ» ውስጥ ነው። ዘፈኑ የመንደራቸውን ስም ይጠራል። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ይህን ስም ተከትሎ ሄደ፤ የአካባቢው ሰዎችም ቤታቸውን አሳዩት።

ኸርት እንግዳውን የመንግሥት መርማሪ ነው ብለው ጠረጠሩት። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአቅራቢያቸው ባለችው ግሪንውድ ከተማ በዚያው ሰሞን ጥቁሮች በመራጭነት ለመመዝገብ ባደረጉት ትግል ይታሰሩና ይደበደቡ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የማያውቁት ነጭ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም መፍራት የተገባ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ኸርት በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ፤ ዘፈኖቻቸውም ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀረጹ። በ1966 እዚያው ሚሲሲፒ ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ የቀራቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። የጣት አጨዋወታቸውን ግን ዛሬም በብዙ አገሮች የጊታር ተማሪዎች ያጠኑታል።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ጎረቤቶቻቸው ኸርትን ለአንድ ቀንም አላጧቸውም። የዘነጋቸው ኩባንያው፣ ገበያውና መዝገቡ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው «ጠፋ» ብለን ከመጻፋችን በፊት የጠፋው በማን ዓይን እንደሆነ እንጠይቅ። እስከ ደጃፋቸው ያደረሰው መንገድ የተገኘው እሳቸው ራሳቸው ሰላሳ አምስት ዓመት ገደማ አስቀድመው ባስቀረጹት ዘፈን ውስጥ ነበር።